አርባ ቀን ያለ እሁድ

ስልኩ ሲጠራ ልጄን ኑርሴንን እያጠብኩ ነበር። እጄ አረፋ በአረፋ ስለሆነ በክርኔ ነካሁት። አንድ ሰውዬ ስሜን ከነአባቴ ጠርቶ ካረጋገጠ በኋላ ትንፋሽ ሳይወስድ ቀጠለ።

«ከሐሙስ ጀምሮ አርባ ቀን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት። በአበባ ወቅት እሁድ የለንም። አንድ ቀን የቀረች ቀረች ነው፤ ከዝርዝሩ ቀጣይዋን እንጠራለን። አርባውን ከሚጨርሱት መካከል ሁለቱን በቋሚነት እናስቀራለን። ትመጫለሽ ወይስ ለሌላ ልደውል?»

«እመጣለሁ» አልኩ። ኑርሴን ሳሙና ዓይኗ ገብቶ ታለቅስ ነበር።

በኬሚካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቅኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በስድስቱ ዓመት ውስጥ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ የሌላ ሰው ልጆችን ሒሳብ አስጠንቻለሁ፤ ስንት ማመልከቻ እንዳስገባሁ መቁጠር ከተውኩ ቆይቷል። ስለዚህ «እሁድ የለንም» ሲለኝ አላሰብኩበትም። ማሰብ ነበረብኝ። ከተማችን ናቡል ውስጥ በአበባ ወቅት እሁድ የማን እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል። የአማት ነው።

የእኔ አማት «ኻልቲ»፣ አክስቴ፣ እያልኩ የምጠራቸው ሙንጂያ ናቸው። ቤታቸው ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። የመራራው ብርቱካን አበባ ሲፈካ ባለቤቴ አኒስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ሁለት ጆንያ አበባ ተሸክሞ ይመጣል፤ አበባው እሳቸው ግቢ አንሶላ ላይ ይበተናል። እሁድ ሲነጋ የመዳቡ ጋን እሳት ላይ ይወጣል። ከጋኑ ክዳን የሚወጣው ቱቦ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አልፎ ጫፉ ጠርሙስ አፍ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ጠብታ ሲጠበቅ ይዋላል። የዓመቱ ጣፋጭ፣ የሕፃን የሆድ ቁርጠት፣ ለቅሶ ቤት ራሷን የሳተች ሴት፣ ሁሉም የሚፈልገው ያንን የአበባ ውሃ ነው። ያልተገኘች ምራት እስከሚቀጥለው አበባ ድረስ ስሟ ሲነሳ ትኖራለች።

ከዚህ ግዴታ ነፃ የምትሆን አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የወር አበባዋ የመጣባት። እሷ ጋኑን መንካት ቀርቶ የግቢውን በር ማለፍ የለባትም። ውሃው ይደፈርሳል፣ ይሸታል፣ ዓመት አይቆይም ይባላል። ይህን የሚሉት ትምህርት ቤት ደጅ ያልደረሱት ብቻ አይደሉም፤ ፋርማሲ ያላት የአኒስ የአክስት ልጅም ትለዋለች።

ሥራ ማግኘቴን ስነግራቸው ኻልቲ ሙንጂያ አልተቆጡም።

«መብሩክ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ። «ልጅቷን እዚህ ተያት። መዋዕለ ሕፃናቱ እንደሆነ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ከእኔ ሌላ ማን አላት? እሁድ እሁድ ደግሞ አብረን ነን።»

«ኻልቲ፣ እሁድም ሥራ አለኝ።»

«እነሱስ እናት የላቸውም እንዴ? ይፈቅዱልሻል» አሉና ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ። ለእሳቸው ጉዳዩ አልቋል።

ፋብሪካው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ገበሬዎች አበባ በጭነት መኪና ያመጣሉ፣ ዘይቱ ይወጣል፣ ሽቶ ለሚሠሩ ሰዎች ይላካል። የእኔ ሥራ ከየጭነቱ ናሙና መውሰድ፣ ዘይቱን መለካትና መመዝገብ ነው። ሰባት ሴቶች ነበርን። በሦስተኛው ቀን የአንዷ ልጅ አተኮሰውና ቀረች። በማግሥቱ የእሷን ነጭ ጋውን ሌላ ሴት ለብሳው መጣች፤ እጅጌው ስለረዘማት ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች። ስለ ቀረችው ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም።

ያ ማግሥት የመጀመሪያው እሁድ ነበር። የዚያን ዕለት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኑርሴንን ይዤ የኻልቲ ሙንጂያን በር አንኳኳሁ። እሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው ቆመዋል።

«ነይ ግቢ፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው።»

የማስረዳበት ንግግር ተዘጋጅቶ ነበር። ደሞዝ፣ ዕድሜ፣ ዲፕሎማ፣ የልጅቷ ወደፊት፣ ሁሉንም ደርድሬዋለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቀኔ መጥቷል።»

ኻልቲ ሙንጂያ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። ልጅቷን በእጅጌዋ ስበው አስገቧትና መዳፋቸውን ዘረጉብኝ። «በቃ በቃ፣ እዛው ቁሚ። ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ? በይ ሂጂ፣ ቤትሽ ገብተሽ ጋደም በይ።»

ጋደም ያልኩት አሥራ አራት ናሙና ለክቼ ነው። ካገባሁ ጀምሮ ያለ ምክንያት ስጨቃጨቅ የኖርኩ መስሎ ተሰማኝ። ለካ ሁለት ቃል ይበቃ ኖሯል።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ልጄን ልወስድ ስሄድ ግቢው ውስጥ ትልቅ ቅርጫት አበባ ተቀምጧል። የአኒስ ታላቅ እህት ዊዴድ ከባሏ ዛፎች ለቅማ ያመጣችው ነው። የተለቀመ አበባ ደግሞ ካደረ ይጠወልጋል።

«ቀኑ አለቀልሽ?» አሉኝ ኻልቲ ሙንጂያ ከበሩ ሳልገባ።

እውነቱ ይኸው፤ የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ፋብሪካው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነበር በእውነት የመጣብኝ። «አላለቀም» ብል ልጄን በበሩ ተቀብዬ እሄድ ነበር። ግን ሳምንቱን ሙሉ ልጄን ጠብቀውልኛል፤ ባዶ እጄን መመላለሱ አሳፈረኝ። ደግሞ ማየት ፈለግሁ። ለዓመታት የሰማሁትን ነገር አንድ ቀን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

«አልቋል» አልኩ።

እሳቱ ጋ አስቀመጡኝ። ገና እንደተቀመጥኩ ነበልባሉን ዝቅ አደረግሁት።

«ምን ታደርጊያለሽ? እሳቱን ገደልሽው እኮ» አለች ዊዴድ።

«አልሞተም። ሲበዛበት ነው የተቃጠለ የሚሸተው።»

«ስሚያት እማ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስታቃጥይ ነው የኖርሽው።»

«ተያት፣ ኢንጂነር ናት» አሉ ኻልቲ ሙንጂያ። በእሳቸው አፍ ይህ ሙገሳ አይደለም። ግን እሳቱን መልሰው አልጨመሩትም። የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲሞላ ጣታቸውን ነከሩና ከጆሯቸው ጀርባ አሹት። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«የዘንድሮ አንደኛ» አሉ። በማግሥቱ ያንን ጠርሙስ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ለኢማሙ ሚስት ላኩላት።

ሁለተኛው እሁድ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ «ቀኔ ነው» አልኩ። በዚህኛው እሁድ አልዋሸሁም፤ ችግሩ ማንም ይህን ማወቅ አለመቻሉ ነው።

«ሐሙስ አልቋል አላልሽም እንዴ?»

«ተመለሰ።»

ይህቺ አንዲት ቃል ጉድ ሠራችኝ። የሄደ ደም ተመለሰ ማለት፣ ለኻልቲ ሙንጂያ፣ በሽታ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ዊዴድ ሰማች፤ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቹ። ሰኞ ዕለት ልጄን ልወስድ ስሄድ ኻልቲ ሙንጂያ ትሪ ይዘው ጠበቁኝ፤ የተጠበሰ ጉበት፣ ምስር፣ የፈላ ቀረፋ።

«ብዪ።»

«ፋብሪካ በልቻለሁ፣ ኻልቲ።»

«የፋብሪካ ምግብ ደም አይሆንም። ብዪ አልኩሽ እኮ።»

ማክሰኞም ጉበት። ረቡዕም ጉበት። ከአጠገቤ ተቀምጠው እስክጨርስ ያዩኛል። ጉንጬን በአውራ ጣታቸው ሳብ አድርገው የዓይኔን ሥር ይመረምራሉ። ደግነታቸው የእውነት ነበር፤ የከበደኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑብኝ ኖሮ ውሸቱን ያለ ሐሳብ እቀጥልበት ነበር።

ለአኒስ እውነቱን አልነገርኩትም። አኒስ የስፖርት መምህር ነው፤ ሩጫ እንጂ ዝምታ አልሠለጠነም። ምሥጢር ከነገሩት እናቱ ጋ ሳይደርስ አያድርም።

«እናቴ ተጨንቃለች» አለኝ ዓርብ ዕለት። «ከሥራው ነው ትላለች። ቀኑን ሙሉ መቆሙ፣ የዘይቱ ጠረን ... ማህፀን ያናጋል ትላለች። ሁለተኛ ልጅ የሚባል ነገር ላይኖር ነው ትላለች።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ኬሚስቷ አንቺ ነሽ።»

«እንግዲያው ኬሚስቷ ደህና ነኝ ትላለች።»

ራሱን ነቀነቀ። መስማማቱ መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው እሁድ የሥራዬ አሥራ ስምንተኛ ቀን ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሳላንኳኳ ተከፈተ። ኻልቲ ሙንጂያ ብቻቸውን አልነበሩም። ዊዴድ ሰው ቤት እንደምትሄድ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። አበባውን ለማራገፍ ቀድሞኝ የወጣው አኒስ ስልኩን በእጁ ይዟል። ከኋላቸው አበባው ተበትኗል፣ ጋኑ እሳት ላይ ነው።

«ቀንሽ ነው አይደል ዛሬም?» አሉኝ ኻልቲ ሙንጂያ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

«አዎ።»

«አየሽ?» አሉ ወደ ዊዴድ ዞረው። ከዚያ ወደ እኔ። «አዋላጇ ሦስት ሰዓት ላይ ትጠብቅሻለች። ዊዴድ ትወስድሻለች። እሁድ አትሠራም ነበር፣ ለእኔ ብላ ነው።»

«ሥራ አለኝ።»

«ሥራውን እኔ አስፈቅድልሻለሁ፣ አትጨነቂ» አለ አኒስ። «ማለቴ ... ለሲ ራዑፍ ደውዬ ታማለች እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናያለን። እናቴ እንደምትለው መጀመሪያ ጤና ነው። ሥራ ሌላ ይገኛል።»

ሲ ራዑፍ የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው። ቁጥሩን ለአኒስ ሰጥቼው አላውቅም።

«ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?»

«ከስልክሽ።»

አውራ ጣቱ መደወያው ላይ ነበር። ያቺ እጅጌዋን ሁለት ጊዜ ያጠፈችው ሴት ትዝ አለችኝ። የእኔንም ጋውን አጥፎ የሚለብስ ሰው ዝርዝሩ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተራ የሚጠብቁት ሦስት ናቸው።

«አስቀምጠው አኒስ» አልኩ። «አልታመምኩም። ዋሽቻለሁ። የመጀመሪያው እሁድ ምንም አልነበረብኝም። ዛሬም ምንም የለብኝም። የምሄደው ሥራ ስላለኝ ነው።»

ዊዴድ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «እንዴ። እማ ሳምንቱን ሙሉ ጉበት ስትጠብስልሽ ...»

«በላሁት። ጥሩ ነበር።»

«አታፍሪም?»

«ስለ ጉበቱ አፍሬያለሁ። ስለ ሥራው ግን አላፍርም።»

ኻልቲ ሙንጂያ ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ገርበብ ብሎ የነበረውን በር ወለል አደረጉት።

«ስለዚህ ንጹሕ ነሽ» አሉ። «እንግዲያው ግቢ። ንጹሕ ሴት ከጋኑ የምትርቅበት ምክንያት የለም።»

ልክ ናቸው። በራሳቸው ሕግ ልክ ናቸው። መሸሸጊያዬን በገዛ እጄ አፍርሼ ሰጠኋቸው፤ አሁን የቀረኝ ሦስት እሁድ የፈራሁት ቃል ብቻ ነው።

«አልገባም።»

«ምን?»

«አልገባም፣ ኻልቲ። የፋብሪካው በር አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። በሚቀጥለውም እሁድ አልገባም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም። የምትፈልጉኝ ከሆነ ከአሥር ሰዓት በኋላ እመጣለሁ።»

«ጋኑ አንቺን እስከ አሥር ሰዓት ይጠብቃል?»

«አይጠብቅም። ያለ እኔ ይሠራላ።»

«ጥጋብ ነው» አለች ዊዴድ። «ዲፕሎማ ጥጋብ ነው። ደግነቱ ጋኑን እንኳን ፈርተሻል፤ ያን ሐሙስ ለታ ንጹሕ ሆነሽ ነው የነካሽው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ብልህ ሴት ዝም ትላለች ይባላል። እኔ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ብልህ ሆኜ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር አዋላጅ ነው።

«የዚያን ሐሙስ ጠዋት ነው የመጣብኝ» አልኩ። «ፋብሪካ ውስጥ። ጋኑ አጠገብ ስቀመጥ፣ እሳቱን ስጠብቅ፣ ጠርሙሱን ስይዝ፣ እንደዚያ ነበርኩ። የኢማሙ ሚስት የወሰደችው እሱን ነው። የዘንድሮ አንደኛ ብለውታል፣ ኻልቲ። በራስዎ አፍ።»

የጋዙ ነበልባል ሲያፏጭ ይሰማል። አኒስ መሬት መሬት ያያል፤ ወንድ ልጅ የማይሰማው ነገር እንደሰማ። ኑርሴን አንድ እፍኝ አበባ ከአንሶላው ዘግና ኪሷ ውስጥ ትጨምራለች።

ኻልቲ ሙንጂያ መጀመሪያ ያደረጉት የጎረቤቱን አጥር ማየት ነው። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ለልጇ ሠርግ አስቀምጣዋለች።»

«ለማን እናገራለሁ? ሥራ ነው የምሄደው።»

«ሂጂ። ልጅሽንም ይዘሽ ሂጂ። ከዛሬ ጀምሮ አልጠብቅልሽም። ቤቴን ያረከሰ ሰው ልጅ አላሳድግም።»

ይህ ነበር ከመጀመሪያው የፈራሁት። ውሸቱም ጉበቱም የመጣው ይህቺን ዓረፍተ ነገር ላለመስማት ነው። አሁን ሰማኋት። መሬቱ አልተከፈተም። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት።

የኑርሴንን እጅ ያዝኩና የአኒስ ነፃ እጅ ውስጥ አስገባሁት።

«ዛሬ እረፍት አለህ» አልኩት። «ልጅቷ ያንተም ናት። እናትህም ያንተ ናቸው። ሦስታችሁ ተነጋገሩ።»

«ኢንሳፍ፣ ምን እያደረግሽ ነው? እኔ እኮ ...»

«ቁርስ አልበላችም። እንቁላል አትወድም፣ አታስገድዳት።»

«ኢንሳፍ!» አለ ከኋላዬ። ዊዴድ «ተዋት፣ ትሂድ» ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ የኻልቲ ሙንጂያ ድምፅ መጣ፤ ለእኔ አልነበረም። «አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? ሰው ጎድሎናል። እሳቱ ጋ ተቀመጥ።»

እሁድ ጠዋት ታክሲ የለም። ግማሹን መንገድ ሮጥኩ፤ ግማሹን ጎኔን ይዤ ተራመድኩ። ስደርስ ዘበኛው ዐሚ ሳልሕ በሩን ዘግቶ መዝገቡን ዘርግቷል።

«አራት ደቂቃ» አለኝ በመስኮቱ።

«ይጻፉት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እንደዚህ ልብሽ እስኪወጣ ሮጠሽ መጥተሽ? ተይው፣ አንድ ሰዓት ብዬ እጽፍልሻለሁ።»

«አይ፣ አራት ደቂቃውን ይጻፉት። ዘግይቻለሁ እንጂ አልቀረሁም። በኋላ ማንም መጥቶ ቀርታለች እንዳይል ስሜ ከነደቂቃው ይኑር።»

ጻፈው። ሲ ራዑፍ ከምሳ በፊት መዝገቡን ይዞ መጣ። «አራት ደቂቃ» አለ እሱም። «አዎ» አልኩ። ምክንያት እስክነግረው ጠበቀ። አልነገርኩትም። ናሙናዎቼን አይቶ ሄደ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስደርስ አኒስ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሸሚዙ አበባ አበባ ይሸታል፣ ሁለት ጣቱን ጋኑ አቃጥሎታል። ኑርሴን ሆዱ ላይ ተቀምጣለች።

«ሰባት ሰዓት ሙሉ» አለኝ። «ሰባት ሰዓት ሙሉ ጠብታ አየሁ። ለሽንት ስነሳ እንኳን ትሳደባለች።»

«ውሃው እንዴት ወጣ?»

«እኔ እንጃ። አቃጠልከው ብላኛለች።»

ሰኞ ጠዋት ልጅቷን እሱ ይዟት ሄደ። በሞተር ብስክሌቱ ከፊቱ አስቀምጧት በሩን አንኳኳ። ኻልቲ ሙንጂያ ለእኔ አልጠብቅም ያሉትን ልጅ፣ ልጃቸው ይዟት ሲመጣ ምን ይበሉ? ተቀበሏት። እሱን ግን በሩ ላይ አቁመው ስለ ሚስቱ፣ ስለ አስተዳደጉ፣ ስለ ሟች አባቱ ትዕግሥት ግማሽ ሰዓት ነገሩት። ትምህርት ቤት ዘግይቶ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ ለምን ሲለው «ልጅ» አለ። ርዕሰ መምህሩ ሳቀበት።

ማክሰኞ የሥራዬ ሃያኛ ቀን ነው። ጫማዬን ሳስር አኒስ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ዛሬ አንቺ አድርሻት።»

«ለምን?»

«ለምን ትያለሽ? ላንቺ ያላትን ስድብ በሙሉ እኔ ላይ ነው የምታወርደው። በየጠዋቱ ይሄን ልሰማ ነው?»

«እኔ በየጠዋቱ ሳደርሳትስ ማን ላይ የሚያወርዱት መሰለህ?»

አሰበ። በእውነት አሰበ፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ከዚያ ተንበርክኮ የኑርሴንን ጫማ ያጠልቅላት ጀመር። የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ።

«አቀያይረኸዋል» አልኩትና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። አላስተካከልኩለትም።